ቆራጩን አሰናብቺ ላልከኝ

እሑድ፣ ወር በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን
ከስፌት ቤቱ

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ፣ ለአባ መግለጫ፤

ውድ ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ እንዳትኮፈስ። ጤንነትህንም አልጠይቅህም። ባለፈው ወር የላክኸውን የአሥራ አንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት አንዴም ሳታስል ነው የጨረስከው፤ ስለዚህ ሳንባህ ደህና ነው። እኛም ደህና ነን። ልጅህ ፈተናዋን ጨርሳለች። ቁመቷ እኔን ካለፈ ቆይቷል፤ ምላሷም እንደዚያው።

ትናንት ደግሞ «ምነው ዝም አልሽ? ነገሩ ከምን ደረሰ?» ብለህ ላክህ። ዝም ያልኩት በስልክ የምታወራው አንተ ብቻ ስለሆንክ ነው። እኔ «ስማኝማ» ስል አንተ «ቆይ ልጨርስ» ትላለህ፤ አንተ ስትጨርስ ኔትወርኩ ይጠፋል። ወረቀት ደግነቱ አያቋርጥም። ይህን ለመንገድ ሥራ ካምፓችሁ ዕቃ ለሚያመላልሰው ሾፌር እሰጠዋለሁ። ግሬደርህን አቁመህ፣ እነዚያ አጨብጫቢ ጓደኞችህ በሌሉበት፣ ብቻህን አንብበው። ጮክ ብለህ እንዳታነብላቸው፤ መሃል ላይ ስትደርስ ታፍራለህ።

እንግዲህ ወደ ትእዛዝህ። «ያ ማዶ ወሩ ሳያልቅ ከሱቄ ይውጣልኝ። ቆራጭ ሞልቷል። ካላሰናበትሽው መጥቼ በራሴ እጅ አስወጣዋለሁ። የንግድ ፈቃዱ በኔ ስም መሆኑን እንዳትረሺ።» ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፤ ካላመንክ ልጅህን ጠይቃት፣ እሷም ሰምታዋለች። እሷ ብቻም አይደለችም። እኔ እጄ በስፌት ተይዟል፣ ልጅህ ከማን የመጣ መልእክት ነው ብላ ከፈተችው፣ ያንተ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «ማዶ ቤትህ ከገባ መጀመሪያ በርህን ነው የሚቆጥረው» አልክ። «ተጠራርተው አገሩን ሊውጡት ነው» አልክ። «ከወንዙ ወዲያ የተወለደ ሰው ሲስቅልሽ ጥርሱን ቁጠሪ» አልክ። ልጅህ ልትዘጋው ስትጣደፍ ይባስ ብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ቆራጩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ የተማሪ ሱሪ ይቆርጣል። መቀሱ አንዴም አላቆመም። መልእክትህ ሲያበቃ ቀና አለና «ድምፁ ምንም አልተለወጠም» ብሎ ሌላ ጨርቅ አነጠፈ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማን እንደሆነ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ የስፌት መኪናና አንድ የተንጋደደ ጠረጴዛ ይዘን ይህን ቤት ስንከፍት፣ መስፋት እችላለሁ፣ መቁረጥ ግን አልሆነልኝም። የቆረጥኩልህን የመጀመሪያ ሱሪ አልረሳኸውም መቼም፤ አንዱ እግር ካንዱ በስንዝር አጥሮ ለብሰኸው ስትወጣ ሰፈሩ አነከሰ ብሎ አዝኖልሃል። ከዚያ ይህ ሰውዬ መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ሕግ አወጣን። የሚቆርጥ አይሰፋም፣ የሚሰፋ አይቆርጥም። አንድ ቀን በመቀሱ ወረቀት ብቆርጥበት ሦስት ቀን አኮረፈኝ። እሱም መኪናሽን ዘይት ላጠጣ ብሎ ነክቶ ሳምንት ሙሉ ጮኼበታለሁ። ባልና ሚስት እንኳ እንደኛ ድንበሩን አያውቅም።

ወገብህ ተይዞ አርባ ቀን የተኛህ ጊዜስ? ከሦስተኛ ፎቅ በጀርባው አዝሎ ወደ ሐኪም ቤት ሲያወርድህ፣ መልሶ ሲያወጣህ፣ ያኔ ጀርባው ማዶ አልነበረም? መጸዳጃ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅህ በርህን እየቆጠረ ነበር? «ወንድሜ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወገብህ ሲድን ወንድምነቱም አብሮ ዳነ መሰለኝ።

ከመቼ ወዲህ እንደጀመረህም አውቃለሁ። አለቃ ትሆናለህ ሲሉህ ከርመው ቦታውን ከማዶ ለመጣ ሰው የሰጡት ጊዜ ነው። ሰውየው ግሬደር አያውቅም ይሆናል፤ በዘመድ ገብቶም ይሆናል። እሱን ስደበው፤ አልከለክልህም፤ ከፈለግህ እኔም አግዝሃለሁ። ግን አንድ ሰው ቦታህን ወሰደ ተብሎ ወንዝ ሙሉ ሰው ይጠላል? ከዚያ ወዲህ ፖለቲካ አዋቂ ሆንክ። ጠዋት አንዱ ስልክ ላይ የሰማኸውን ማታ ያንተ ሐሳብ አድርገህ ትልክልኛለህ። የዳቦው ዋጋ ሲጨምር ማዶዎች፤ ዝናብ ሲዘገይ ማዶዎች፤ መንገዱ ሲሰነጠቅ ማዶዎች። መንገዱን የምትሠራው አንተ አይደለህ እንዴ?

እዚህም እንዳንተ ያለ ሞልቷል፤ ብቸኛ አይምሰልህ። ከታች ያለው ባለ ቤት ክፍሉን ለማከራየት «ከወዲህ ለሆነ ቤተሰብ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፏል። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ አንዷ ሴትዮ አንድ የማዶ ሰው ሲናገር አነጋገሩን ሰምታ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ሰውየው የጠየቀው «ወረፋው እዚህ ነው?» ብሎ ነው። ሁሉም ሰው አስተያየት አለው። ያለውን ሁሉ ደግሞ አፉ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሆድ የሚባል ነገር የፈጠረለት አይመስልም።

በል ደስ ይበልህ። ቆራጩ ወጥቷል። ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ጠረጴዛው ባዶውን ነው፤ ልኩ የተወሰደ ጨርቅ ተከምሮ ይጠብቃል፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ነገ ተመለሱ» እላለሁ። ለጓደኞችህ ንገራቸውና አጨብጭቡ።

ግን ቆይ፣ እጅህን አውርድ። አንተ አይደለህም ያስወጣኸው።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር «ያንተ አፍ ነው ያባረረው» ብዬ ልጽፍ ነበር አሳቤ። እስካሁን የጻፍኩትን አሁን መልሼ አነበብኩት። ወገብህን አነሳሁ፣ አለቃህን አነሳሁ፣ ሱሪህን እንኳ አልማርኩም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ያንተን ስድብ ሰምቶ በማግስቱ በሰዓቱ መጥቷል፤ በሣልስቱም መጥቷል። ስለዚህ እንዴት እንደሄደ ልንገርህ፤ ሳትስቅ ስማ።

የትምህርት ቤቱን የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ታውቀዋለህ፤ ያ ሲራመድ ሆዱ ቀድሞ የሚገባው። አራት መቶ ዩኒፎርም ለሚቀጥለው ዓመት የሚሰጠው እሱ ነው። ያለዚያ ትእዛዝ እኛ ግማሽ ዓመት እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። መልእክትህ በደረሰ በሳምንቱ መጣ። ለራሱም ሙሉ ልብስ ሊያሠራ ጨርቅ ይዟል። ቆራጩ ክር ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«እኔ በግሌ ምንም የለኝም።»

እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ስታይ አንተ ሽሽ። እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

«ከነሱ ጋር ነው ያደግሁት፤ ጓደኞችም አሉኝ። ግን ወላጆች ይናገራሉ። ልጆቻችን የሚለብሱትን የማን እጅ ነው የሚነካው ይላሉ። ጊዜው ነው፤ ሰውን ምን ታደርጊዋለሽ? ልጁ ጨዋ ነው አውቃለሁ። ግን በሩ ላይ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ትንሽ ከዓይን ዞር ቢል ለሁላችሁም ይበጃል።»

ልጁ የሚለው የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። አንተን በስልክ «ጅል» የምልህ እኔ፣ ደላላውን፣ ባለ ቤቱን፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢውን ሳይቀር አፉን የማስይዝ እኔ፣ ምን ያልኩ ይመስልሃል? «ይገባኛል» አልኩ። ከዚያም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ እስከ በሩ ሸኘሁት። 

በማግስቱ ቡናማ ጨርቅ አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «አራት ሜትር ቁረጥልኝ» አልኩት።

«ለምን ይሆናል?»

«ለአቧራ» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «ከመንገዱ አቧራ እየገባ ጨርቁን አበላሸው።»

ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሄደና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለካ፤ በርጩማ ላይ ወጥቶ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ለካ። የት እንደሚሰቀል አልነገርኩትም፤ የለካው ግን በሱ ጠረጴዛና በበሩ መሃል ነው። ወረደና «አራት አይበቃም፤ እጥፋት ይፈልጋል። አምስት ተኩል አድርጊው፤ አለዚያ መሃሉ ይከፈታል» አለኝ። ከዚያ ቆረጠው። እኔ ዘመዘምኩት። የሚቆርጥ አይሰፋም፣ የሚሰፋ አይቆርጥም ብዬህ የለ? ሕጋችንን አላፈረስንም። ሰውየውን የሚሸፍነውን መጋረጃ ራሱን አስቆርጬ እኔ ሰፋሁት።

ከመጋረጃው ጀርባ መስኮት የለም። ቀኑን ሙሉ አምፖል እያበራ፣ የካውያው ሙቀት እየጠበሰው ሠራ። ደንበኛ ባለበት እንዳይወጣ ብሎ የሚጠጣውን ውሃ በጠርሙስ ይዞ ይመጣ ጀመር። አንድም ቀን እንዲህ አድርግ ብዬ አላዘዝኩትም፤ ራሱ ነው ያወቀበት። ሳሉን እንኳ በክንዱ አፍኖ ነው የሚስለው። እኔ በበኩሌ ለራሴ አስረዳሁ፦ ለሱም ብዬ ነው፤ ዩኒፎርሙ ከቀረ እሱም ሥራ አያገኝም፤ ይህ ጊዜ እስኪያልፍ ነው፤ እኔ በግሌ ምንም የለኝም። አዎ፣ ይህችን ቃል እኔም ብያታለሁ፤ በሆዴ።

ልጅህ ከትምህርት ቤት ስትመጣ መጋረጃውን አየችና ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «ይኼ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። «አባዬ አስወጪው አለ፤ አንቺ አስገባሽው። ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለችኝ። ጮህኩባት። የምትበላው ከየት እንደሚመጣ፣ የምትማረው በማን እጅ እንደሆነ፣ ያልነገርኳት የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስፌት ቤቱን አልረገጠችም። ቤት ውስጥም «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነው የምታወራኝ።

ሊቀመንበሩ ለልኬቱ መጣ። ሁልጊዜ ልክ የሚወስደው ቆራጩ ነው፤ አሁን ግን መውጣት ስለሌለበት ሜትሩን እኔ ያዝኩ። ለራሴ የማስታውስ መስዬ ቁጥሩን ጮክ እያልኩ አነበብኩ፤ እሱ ከወዲያ ጻፈው። ወገብ፣ ደረት፣ እጅጌ፣ ትከሻ። አንድ ሁለቴ የመጋረጃው ጫፍ ሲነቃነቅ አይቻለሁ፤ በዓይኔ ገላመጥኩት። እንዳይታይ ፈርቼ ነው።

ኮቱ ሲያልቅ ሊቀመንበሩ መጥቶ መስታወት ፊት ቆመ። ዞረ፣ ተመለሰ፣ እጁን አነሳ፣ አወረደ። ፊቱ በራ። «እኔ ይህን ያህል ዓመት ሙሉ ልብስ ለብሼ እንዲህ የተቀመጠልኝ የለም» አለ። «ከስንት ስፌት ቤት ስንት ኮት አሠርቻለሁ፤ ሁሉም ባንድ በኩል ይንጋደድብኛል። ይኼ ግን አጥንቴን አይቶ የቆረጠው ነው የሚመስለው። ለመሆኑ የማን እጅ ነው?»

ከመጋረጃው ጀርባ መቀሱ ይሰማ ነበር። እኔም እሰማዋለሁ፤ ሰውየው ግን ልብ አላለውም።

«የኔ» አልኩ።

መቀሱ ቆመ።

እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጬ ተነስቼ ነበር። መሬቱን ጠረግሁ፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረውም። ማንም አላስገደደኝም እኮ። «ቆራጭ አለኝ» ብል ይበቃ ነበር። «እንጃ» ብል እንኳ ይሻል ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የኔው ግን አላመለጠኝም። አስቤ ነው ያልኩት። ሰውየው ሲያመሰግነኝ ደግሞ ደስ ብሎኛል። ይኸው ተናገርኩት። በሰው እጅ ተመስግኜ ደስ አለኝ።

ሊቀመንበሩ አራት መቶውን ዩኒፎርም አጽድቆ ወጣ። ቆራጩ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ መጣ። አልተቆጣም። መቀሱን ጠቀለለ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ኪሱ ከተተ፣ የጀመረውን ሱሪ ጨርሶ ቆርጦ ቁልሉ ላይ አስቀምጦት ነበር። «ደህና ዋይ፣ እህት ዓለም» አለኝ። እኔ ለዕለቱ የተሰናበተኝ መስሎኝ፣ ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ፣ «ነገ በጠዋት ና፣ ሥራ ይበዛል» አልኩት። በማግስቱ አልመጣም። በሣልስቱም አልመጣም።

በስምንተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ሚስቱ ናት የከፈተችልኝ፤ በሩን በሰፊው አልከፈተችውም። ልጅህ ስትወለድ እስከ ጠዋት አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ «እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። እሱም መጣ። «ይግቡ» አለኝ። «ቁጭ ይበሉ» አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እህት ዓለም፣ አንቺ ነገረኛ፣ አንቺ ጨቅጫቃ ሲለኝ የኖረ ሰው በስምንት ቀን ለእርስዎ አበቃኝ። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

አሁን ፍራሽ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ስፖንጅ ይቆርጣል። ያ እጅ ስፖንጅ ይቆርጣል! ልብሱ ላይ ቢጫ ብናኝ ነበር። መጋረጃውን ቀድጄ እንደጣልኩት ነገርኩት፤ እውነቴን ነው፣ ለመሬት መወልወያ አድርጌዋለሁ። «ተመለስ፤ ጠረጴዛህ በር ላይ ነው የሚሆነው፤ የሚመጣው ይምጣ» አልኩት። አለቀስኩም፤ ለምን እደብቅሃለሁ።

«መጋረጃው አላስቸገረኝም፤ ጨርቅ ነው» አለኝ። «ጊዜው ከባድ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። የባለቤትዎንም ነገር አልተቀየምኩም፤ እሱ እኔን አይደለም፣ የሰማውን ነው የሚሰድበው።» ከዚህ በላይ አልጨመረም። ስለ ሊቀመንበሩ አንድ ቃል እንዲናገረኝ፣ እንዲጮህብኝ፣ «ለምን?» እንዲለኝ ጠበቅሁ። አላለኝም። እኔም አፌን ከፍቼ ይቅርታ የምትለዋን ቃል ማውጣት አቃተኝ፤ ስለ መጋረጃው ብቻ አወራሁ። ምላስ እንዲህ በሚያስፈልግበት ቀን ይታሰራል።

አብቅቼ ስነሳ እስከ በሩ ሸኘኝ። እዚያ ደርሰን አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቆም አለ።

«ሊቀመንበሩ ሁለተኛ ልብስ ማሠራቱ አይቀርም» አለኝ። «ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ይላል። ሜትር ሲያይ ደረቱን ይነፋል፣ ያኔ እኩል ይመስላል፤ እርስዎም እኩል ብለው ነው ያነበቡልኝ። ቆሞ ሲያወራ ነው በመጋረጃው ጫፍ ያየሁት። እንግዲህ ሲቆርጡለት እንዳይረሱት።»

ሲቆርጡለት አለኝ። እኔን። አንድ ሱሪ እኩል መቁረጥ የማልችለውን እኔን። በንግግሩ ውስጥ ሽሙጥ ፈልጌ አጣሁ፤ እኔ እንዳላበላሸው አስቦልኝ ነው የነገረኝ።

እንግዲህ አንተ እዚያ ሆነህ «አየሽ፣ ራሱ ወጣ» ብለህ ልታወራ ትችላለህ። አውራ። እኔን ያናደደኝ ካንተ ጋር አንድ ሚዛን ላይ መቀመጤ ነው። አንተ የምታስበውን ተናገርክ፤ እኔ የማላስበውን አደረግሁ። የቱ እንደሚብስ ካምፕ ውስጥ ተሰብስባችሁ ተወያዩበት፤ አዋቂዎች ናችሁ። መጥተህ በራስህ እጅ ለማስወጣት ያሰብከውን ድካም ግን ቀንሼልሃለሁ፤ ለሱ ብለህ የዕረፍት ፈቃድ እንዳትጠይቅ። ለኔ ብለህ ከሆነ የምትመጣው ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ያን የአሥራ አንድ ደቂቃህን ራስህ ቁጭ ብለህ ስማው፣ ከዚያ ወስን።

ሊቀመንበሩ ቢሮ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጸሐፊዋ «ስለ ምን ጉዳይ ነው?» ስትለኝ «ስለ ዩኒፎርሙ» ብዬ ተመልሻለሁ። ነገ ሰኞ ነው፤ ሠልሼ እሄዳለሁ። ኮቱ የማን እጅ እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ አራት መቶውን ዩኒፎርም ከፈለገ ለሌላ ይስጥ፣ ኮቱንም ከፈለገ አውልቆ ይጣለው። ቆራጩ ይመለስልኛል ብዬ አይደለም፤ አይመለስም። ልጅህ «እውነት ትነግሪዋለሽ?» ብላ ዛሬ ጠዋት ጠይቃኛለች፤ ከ«እሺ» እና «አይ» ውጭ ያወራችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። «አዎ» አልኳት። እንዳላመነችኝ ፊቷ ላይ አይቻለሁ።

ሙቀት በርትቷል ብለሃል፤ ውሃ ጠጣ። ወገብህን ጠብቀው፤ አሁን የሚያወርድህ የለም። እግዚአብሔር ካንተ አፍና ከኔ አፍ ሰውን ሁሉ ይጠብቅ። አሜን በል፣ ብቻህን ብትሆንም።

ሚስትህ፣
ሰፊዋ